የአጥንት መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ጥርስዎን ይመርመሩ



በቅርቡ አንዲት እናት ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ለሦስተኛ ጊዜ የጥርስ ማስታገሻ ሊገዙ መጡ። ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ ቁስሉ ግን አልደርቅ ብሏል። «እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው፣ «ልጄ ከጅዳ የምትልክልኝ የአጥንት ኪኒን አለ፤ በሳምንት አንድ እውጣለሁ፤ አራት ዓመቴ ነው» አሉኝ። ደነገጥኩ። ማስታገሻውን ሁለት ጊዜ ስሸጥላቸው ይህን አልጠየቅኳቸውም ነበርና። የኪኒኑን ካርቶን ይዘው በዚያው ዕለት ወደ ጥርስ ሐኪም እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንታችን ዘወትር ይፈርሳል፣ ዘወትርም ይታደሳል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ፣ የሚፈርሰው ከሚታደሰው ይበልጥና አጥንት ይሳሳል። እንደ አሌንድሮኔት ያሉት መድኃኒቶች የሚፈርሰውን ይቀንሳሉ፤ ከስብራትም ይጠብቃሉ። ይሁን እንጂ የመንጋጋ አጥንት ቁስሉን የሚጠግነው በዚሁ ማፍረስና ማደስ ነው። በላዩ ያለው ድድ ስስ ነው፤ አፍም ተሕዋስያን አያጣም። ስለዚህ ጥርስ ሲነቀል አልፎ አልፎ አጥንቱ ሳይሸፈን ቀርቶ ይሞታል። ይህን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካዊው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ 36 ሕሙማንን ጠቅሰው ለሐኪሞች አሳወቁ። እነዚያ ሕሙማን መድኃኒቱን የወሰዱት በደም ሥር ነበር።

«እንዲህ ከሆነስ ኪኒኑ ለምን አይቀርም?» የሚል አይጠፋም። ይህ ስሕተት ነው። ለአጥንት መሳሳት ኪኒን ከሚወስዱ 10,000 ሰዎች ጉዳቱ የሚደርስባቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የዳሌ ስብራት ግን ስንቷን እናት አልጋ ላይ ጥሎ አስቀርቷል! ለካንሰር ሲባል እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ያለውን በከፍተኛ መጠን በደም ሥር የሚወስዱት ግን ስጋታቸው እጅግ ይበልጣል፤ ጥንቃቄያቸውም የዚያኑ ያህል ሊሆን ይገባል።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የዝምታችን ነው። ልጅ በሻንጣ ትልካለች፤ እናት ትውጣለች፤ ጥርስ ነቃዩ አይጠይቅም፤ እኛ ፋርማሲስቶችም ሸጠን እንሸኛለን። ይህን ኪኒን የሚሰጥ ባለሙያ ሁሉ «ጥርስዎ እንዴት ነው?» ሳይል ባይሰጥ፣ ጥርስ የሚነቅልም ሁሉ «የአጥንት መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?» ሳይል መንቀያውን ባያነሳ እላለሁ። መድኃኒቱ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ያቋረጠም ሰው ቢሆን መናገር አለበት።

እናንተም የሚከተለውን አትዘንጉ፦

አንደኛ፣ ኪኒኑን ወይም መርፌውን ከመጀመራችሁ በፊት ጥርሳችሁን አስመርምሩ። የሚነቀለው ይነቀል፣ የሚሞላው ይሞላ፣ ቁስሉም ይዳን።

ሁለተኛ፣ ጀምራችሁ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ። በተለይ በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ ሲቋረጥ የጀርባ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል። መንቀል ግድ ከሆነ ሁለቱ ሐኪሞች ይመካከሩ።

ሦስተኛ፣ የጥርስ ቁስል አልደርቅ ካለ፣ አጥንት ከታየ፣ መግል ከወጣ ወይም ከንፈር ከደነዘዘ ፈጥናችሁ ታከሙ። አጥንቱ ተገልጦ 8 ሳምንት እስኪሞላው አትጠብቁ። ማስታገሻ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አያድንም።

አራተኛ፣ ውጭ ያላችሁ ልጆች ኪኒን ስትልኩ የሐኪሙን ወረቀት አብራችሁ ላኩ።

ሲዋክ ሱንና ነው፤ መፋቂያችሁን አትተዉ። ነገር ግን መፋቂያ የተቦረቦረን ጥርስ አይሞላምና ከምርመራ አያስቀርም።

ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ የእናታችሁን የመድኃኒት ከረጢት ክፈቱ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ካገኛችሁ ስለ ጥርሳቸው ጠይቋቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ ያለፍኩትን እናንተ አንድ ጊዜም አትለፉት።

አላህ እናቶቻችንን በጤና ያቆይልን። አሚን!