ዓሣ ማርባት ቅንጦት ነውን?

ለሳይንስ ክበባችን አንድ የመስተዋት ገንዳ ተገዝቶ ዓሣ ይርባበት የሚል ሐሳብ በዚህ ዓመት ባቀረብሁ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ ሣቁ። ሌሎቹ ግን «ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ለዓሣ ውኃ ማጠራቀም ቅንጦት ነው» አሉኝ። ይህ ነቀፋ ቁም ነገር ያለበት ስለ ሆነ በዚህ መጽሔት መልስ ልሰጥበት እወዳለሁ።

የምናገርለት ዓሣ ቤታ የሚባለው ነው፤ አገሩም ታይላንድና አካባቢዋ ነው። በሩዝ እርሻና በረግረግ ውስጥ ስለሚኖር፣ እንደ ሌላው ዓሣ በውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ብልት ሌላ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር የሚስብበት ልዩ ብልት አለው። ስለዚህ አየር የሚነፋ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋም አይታፈንም። ለአንድ ጥንድ 20 ሊትር ውኃ ይበቃል፤ ይኸውም አንድ ጀሪካን መሆኑ ነው። በየሳምንቱ የሚለወጠው 5 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የሚወጣውም ውኃ ለችግኝ መደባችን ፍግ የተቀላቀለበት ያህል ይጠቅማል። እንግዲህ የባከነው የቱ ነው?

አረባቡ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ወንዱ ምራቁን ከአየር ጋር እየደባለቀ በውኃው ገጽ ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ሴቲቱ እንቁላሏን ስትጥል ወደ ታች ይሰጥማል፤ እርሱም በአፉ እየለቀመ ወደ ጎጆው ያስገባዋል። በዚህን ጊዜ ሴቲቱን ከገንዳው ማውጣት ይገባል፤ አለዚያ አባትየው ያሳድዳታል። እርሱ ግን ሌት ተቀን ይጠብቃል፤ የወደቀውን ያነሣል፣ የፈረሰውን አረፋ ይጠግናል። ጫጩቶቹ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላም ራሳቸውን ችለው ይዋኛሉ። ያን ጊዜ አባትየውም ይወጣል። ለጫጩቶቹ ምግብ የሚሆኑት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ደግሞ ድርቆሽ በውኃ ነክሮ ብርሃን ባለበት ቦታ በማኖር ይገኛሉ።

እውነተኛው ችግር ውኃው ሳይሆን ብርዱ ነው። ይህ ዓሣ ለመርባት ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ጋሸና ደግሞ ደጋ ነው። ስለዚህ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ገንዳውን በጋቢ ሸፍኖ፣ ሙቅ ውኃ የሞላበት ጠርሙስ በውስጡ ማንሳፈፍ ይቻላል። ቀዝቃዛ አየር ጫጩቶቹን ስለሚጎዳ ክዳኑ አይከፈት። ዓሣን መብላት በብልኃት ነው ይባላል፤ ማርባቱም እንዲሁ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ከገንዳ የወጣ ዓሣ ወደ ወንዝ አይጣል። ከደጋችን የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜና ወደ ዓባይ ይሄዳል። በወሎ ሐይቅ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ ገብቶ እስከ ዛሬ ሰውን ይመግባል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ግን በ1940ዎቹ ዓ.ም. የገባው የናይል ፐርች ብዙ ዓይነት የአገሬውን ዓሣ አጥፍቷል። የጣና ሐይቅም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ውድ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ እኛ የሕይወት ሳይንስን የምንማረው ከመጽሐፍ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የእንቁላሉን ቅርጽ ያሳየናል እንጂ፣ እንቁላሉ ሕይወት ሲሆን አያሳየንም። አንድ ጀሪካን ውኃ ይህን የሚያሳየን ከሆነ፣ ቅንጦት የሚባለው ዓሣውን ማርባቱ ሳይሆን ሳያዩ ተምሬአለሁ ማለት ይመስለኛል። ስለዚህ ክበባችን በሚመጣው ዓመት ገንዳውን እንዲገዛ፣ ጠባቂነቱም በተራ ለተማሪዎች እንዲደለደል ሐሳቤን ደግሜ አቀርባለሁ።