በረዶ በሌለበት አገር «ፍሪዝ ፕላግ»

ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በአሮጌ ታክሲ የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል። መካኒሳ ላይ ሞተሩ ይፈላል፤ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፤ ተሳፋሪው እያጉረመረመ ሌላ ታክሲ ይፈልጋል። ሾፌሩ ቢጠየቅ «አርጅቷላ፣ ምን ይደረግ!» ይላል። እኛ ይህን መልስ አንቀበልም።

ውሃ ከሚያፈሱት ቦታዎች አንዱና ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው በሞተሩ ብሎክ ጎን የተደፈነው ክብ ቀዳዳ ነው። መካኒኩ «ፍሪዝ ፕላግ» ይለዋል፤ መምህራኖቻችንም ከውጭ አገር መጽሐፍ እንዳገኙት በዚሁ ስም ያስተምሩናል። ስሙ ግን ሐሰተኛ ነው። ብሎክ የሚሠራው ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በሚፈስ ብረት ነው። የውሃውን መተላለፊያ ቅርጽ የሰጠው የውስጥ አሸዋ የሚወጣው በእነዚህ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ ኋላ በስስ የብረት ክዳን ይደፈናሉ። ውሃ በረዶ ሲሆን ክዳኑን ገፍቶ ሊያወጣው ይችላል፤ ነገር ግን ለዚያ ተብሎ አልተሠራም፤ ብሎኩም ብዙ ጊዜ ከመሰንጠቅ አይድንም።

ስም ምን ያደርጋል? ትሉን ይሆናል። ብዙ ያደርጋል! ስሙን የሰማ ሁሉ «በረዶ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው፤ አንቲፍሪዝ ለእኛ ምን ይፈይዳል? የቧንቧ ውሃ ይበቃል» ብሎ ደመደመ። አንቲፍሪዝ ግን ዝገት የሚከላከል መድኃኒትም አለበት። ባዶ ውሃ ክዳኑን ከውስጥ ይበላዋል፤ በየቀኑ አዲስ ውሃ በተጨመረ ቁጥር አዲስ አየር ይገባና ዝገቱ ይበረታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚያግደው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። ብሎኩ ካፈሰሰ ግፊቱም ያው ሄደ።

ከዚያ ጋራዡ ምን ያደርጋል? በዝገቱ ላይ ማጣበቂያ ይለጥፋል! ሥራው እኮ እንዲህ ነው፦ ውሃው ይደፋል፤ የክዳኑ አንድ ጠርዝ ተመትቶ ክዳኑ ሲጋደም በፒንሳ ይሳባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተትም፤ የቀዳዳው ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ልኩ ተለክቶ የተገዛ አዲስ ክዳን፣ ቢገኝ የነሐስ፣ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ይመታል። አንዱ ከበሰበሰ ሌሎቹም ቀናቸው ቀርቧልና አብረው ይለወጣሉ። ከፍላይዊል በስተኋላ ያለው ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል፤ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ገንዘቡን ማን ይክፈል? ሾፌሩማ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ሳያስገባ እንጀራ አይቆርስም። ገቢውን በየማታው የሚቆጥር ባለንብረት ኩላንቱንም ይግዛ! ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ታግዷል፤ ስለዚህ አሮጌው ሞተር ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራል።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ይህን ስም ከሰሌዳው ላይ አጥፉልን። እኛ «የብሎክ መድፈኛ» ብለነዋል፤ የተሻለ ያለው ያምጣ።