መውጫ ለሌለው ሐይቅ የተቆፈረ ቦይ

ሐዋሳ መቼም ሐይቋን ትወዳለች። ቢያንስ በአፏ! ፖስተሩ ላይ ሐይቁ፣ የሆቴሉ ማስታወቂያ ላይ ሐይቁ፣ እንግዳ ሲመጣ አሞራ ገደል ወስደን ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የምንጋብዘውም ከሐይቁ ነው። ታዲያ ይህቺው ከተማ ክረምት በገባ ቁጥር የጎዳናዋን እጣቢ የምታስረክበው ለማን ይመስላችኋል? ለዚያው ለምትወደው።

እኔ የምኖረው ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ነው። ሐምሌ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ከዘነበ ደጄ ያለውን ቦይ ቆሜ አያለሁ። የላቫጆ ዘይት፣ የኦሞ አረፋ፣ ፌስታል፣ ከመንገድ ሥራ የተረፈ አሸዋ፣ አንዳንዴም ዝናቡን ተገን አድርጎ ከግቢ የተለቀቀ የሽንት ቤት ፍሳሽ (ማን እንደለቀቀው ሰፈሩ ያውቃል፤ ግን ዝም ነው) እየተጋፉ ቁልቁል ይወርዳሉ። እኛ ዘንድ ፍሳሽ ተወገደ ማለት ከደጃፍ ራቀ ማለት ነው። የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ እንደ ጣና ዓባይን የሚሸኝ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት አንድ ወንዝ፣ ጥቁር ውሃ፣ አለ፤ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃውን ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ደለሉንና ዘይቱን ግን ማን ይወስዳቸዋል? በ1990ዎቹ መባቻ ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ የአፈር ግድብ ተሠራለት፤ ዛሬ ጎረምሳና ኮረዳ የሚንሸራሸሩበት እሱ ነው። ሐይቁ ወደ ከተማው እንዳይመጣ ተከለከለ እንግዲህ። ከተማው ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ግን የከለከለ የለም!

ይህ በዓይን የሚታየው ነው። የማይታየው ይብሳል። አብዛኛው ቤት ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። በሐይቁ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ አፈሩም እሳተ ገሞራ የተፋው አሸዋማ ስለሆነ የተሰጠውን ሁሉ ይጠጣል። ቀደም ሲል በተከራየሁበት አንድ ግቢ የውሃ ጉድጓዱና ሽንት ቤቱ በአሥር እርምጃ ነበር የሚራራቁት። «እትዬ፣ ኧረ ይህን ውሃ እንዳይጠጡት» ስላቸው፣ «ለልብስ ነው እንጂ ልጄ፤ ቧንቧው የጠፋ ዕለት ግን ምን አደርጋለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ነው» የሚል አይጠፋም። ስምጥ ሸለቆ ላይ መሆናችንን ረስቶ! በዚህ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውስጥ ፍሎራይድ አለ፤ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ያልፋል። የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሲብስም አጥንት የሚያጎብጠው እሱ ነው። ከላይ ያለውን አበላሽቶ ወደ ታች መሸሽ እንግዲህ እንዲህ ነው።

ባለሥልጣኖቻችን ይህን አያውቁም እንዳይባል ደግሞ ማስረጃ አለን። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ውጭ ጠብታ እንዳይለቅ ታስቦ ነው። ሐይቁ መውጫ እንደሌለው ያን ጊዜ ታውቋል ማለት ነው! ለውጭ ገበያ ሸሚዝ የሚሰፋበት ግቢ ማጣሪያ ሲኖረው ሸሚዙን የሰፋችው ልጅ የምታድርበት ሰፈር ያለው ክፍት ቦይ ነው። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

አዳዲሱ ፕላን የሚያውቀው ኮብልስቶንና አስፋልት ነው፤ ውሃ የሚሰርግበትን መሬት ሁሉ ያለብሳል። ከታቦር ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ሐይቁ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያርፍበት፣ ደለሉን የሚያራግፍበት ኩሬና ሣር ያስፈልገዋል። ጨለለቃ ረግረግ ለጥቁር ውሃ ይህንኑ ነበር የሚሠራለት፤ እሱንም ግጦሽና እርሻ እያጠበበው ነው። ለኩሬ የሚሆን ክፍት ቦታ ሲገኝ ደግሞ መሐንዲሱ ከመድረሱ ደላላው ይደርሳል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነዋሪው በፕላን ላይ እንዲመክር ያዝዛል። ክፍለ ከተማችን በአዳራሽ ስም የተሰየመ ነውና መሰብሰቢያ አይቸግርም። እንጠራ። የቦዮቹ ካርታ ግድግዳው ላይ ይለጠፍልንና እያንዳንዱ ቦይ የት እንደሚያልቅ በጣት ይታየን።