ሳቅ ዕውቀትን ያቃልላልን?

የሳይንስ ድርሰት ቀልድ ከገባበት ይረክሳል፥ ሕዝቡም ሲስቅ ቁም ነገሩን ይረሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየውን፥ ዴቪድ ጄሮልድ የደረሰውን የ«ስታር ትሬክ» ክፍል ለምስክርነት እንጠራለን። ትሪብል የተባሉ ጠጕራም ፍጥረቶች ያለ ልክ እየተዋለዱ ለአዲስ ሰፈራ የተከማቸውን እህል ይፈጃሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ጎተራውን ቢከፍት በላዩ ይዘረገፉበታል። ተመልካች ይስቃል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሞተው በመገኘታቸው እህሉ የተመረዘ መሆኑ ይታወቃል። እነሆ፥ ሳቁ ወደ ምርመራ አደረሰ።

ይህስ ለእኛ ባዕድ ነገር ነውን? ነቀዝ በጎተራ የሚያደርሰውን ጥፋት የማያውቅ ገበሬ የለም። ገበያው በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ ከመዛወሩ በፊት በፒያሳ አትክልት ተራ የተጣለውን የበሰበሰ ቲማቲምና ሽንኩርት ያየ ሁሉ፥ ምግብን ከብልሽት የማዳን ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ይረዳል።

ቀልድ ቁም ነገርን ያስረሳል የሚሉንን አንድ ነገር እንጠይቃቸው፤ አዝማሪ እያሳቀ ሹሙን ሲወቅስ ወቀሳውን ማን ረሳው? ስለዚህ ደራሲዎቻችን ነቀዙንም ብልሽቱንም አሥቂኝ ጨዋታ አድርገው በቴሌቪዥን እንዲያቀርቡልን አጥብቀን እንጠይቃለን። ደረቁን ትምህርት ሰምቶ የሚያንቀላፋው ሕዝብ ያን ጊዜ ነቅቶ ይሰማል።