አንደኛ ካልወጣህ ሳይክል የለም

መስከረም ላይ በየቤቱ አንድ ውል ይፈረማል፤ ሰኔ ላይ ሒሳቡ ይወራረዳል። ውሉ ወረቀትም ማኅተምም የለውም። ተዋዋዮቹ በአንድ ወገን አባት ወይም እናት (አንዳንዴም ከአሜሪካ የሚደውል አጎት)፣ በሌላ ወገን ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናቸው። ቃሉ አጭር ነው፦ "አንደኛ ከወጣህ ሳይክል እገዛልሃለሁ።"

እስቲ ሒሳቧን እንሥራት። ክፍሉ ውስጥ 50 ልጅ አለ እንበል። አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ 49ኙ ባዶ እጃቸውን ነው ወደ ቤት የሚገቡት። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ የተበለጠችው በግማሽ ነጥብ ሊሆን ይችላል፣ ሳይክል ግን በግማሽ ነጥብ አይቆረስም። ሠላሳኛ የወጣውስ? ዓምና አርባ አምስተኛ የነበረው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲታገል የከረመው፣ እሱን ማን አስታወሰው? ከሁሉም የሚገርመን ግን አንደኛ የወጣው ነው። እሱ ሳይክሉን አገኘ። በሚቀጥለው መስከረም የሚጠይቀውን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ "ዘንድሮስ ምን ትገዛልኛለህ?" ልክ ነዋ! አሠሪና ሠራተኛ እንዲህ ነው የሚነጋገሩት።

ስለዚህ ይሄን ነገር ስጦታ ብላችሁ አትጥሩብን። ደሞዝ ነው። ያውም በኮሚሽን የሚከፈል ደሞዝ።

"እናንተ ገና ልጅ አልወለዳችሁ፣ ምን ታውቃላችሁ?" የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማናል። እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን አልወለድንም። አጎትና አክስት ግን ሆነናል፤ በየቅዳሜው ልደት እየተጠራን፣ በየሱቁ መደርደሪያ ፊት ቆመን ግራ እየተጋባን ነው። የወላጁም ጭንቀት ይገባናል። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሲነግረው የትኛው አባት ነው እንቅልፍ የሚወስደው? ከዚያች ቀን ወዲህ በብዙ ቤት እያንዳንዱ ብር፣ እያንዳንዱ ሰዓት፣ እያንዳንዱ ስጦታ ሳይቀር ለፈተና ዘመቻ ተመልምሏል። ልደት ሲሆን ደብተር። እንቁጣጣሽ ሲሆን ቦርሳ። ገና ሲሆን የሒሳብ መልመጃ መጽሐፍ፣ ከነመልሱ። ልጁ ወረቀቱን ቀዶ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ግን ልብ ያለው የለም፤ "አመሰግናለሁ በል እንጂ!" ይባላል፣ ይላልም።

ወገን፣ ደብተርና ቦርሳ ስጦታ አይደለም። የወላጅ ግዴታ ነው። ሽሮ ለእራት አቅርቦ "ስጦታዬ ነው" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከደብተሩ ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ "ትምህርታዊ" የሚል ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነው። መርካቶ ዞር ዞር ብትሉ በየሱቁ አለላችሁ፦ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የፕላስቲክ ላፕቶፕ፣ ሲጫኑት "ኤ ፎር አፕል" ብሎ የሚጮህ። ሦስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ኤ ለአፕል መሆኑን ከሰማች አምስት ዓመቷ ነው። ላፕቶፑ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ትጫናለች፣ ይጮሃል። ትጫናለች፣ ይጮሃል። በሁለተኛው ቀን ይሰለቻታል፣ በሦስተኛው ቀን ባትሪው ያልቃል፣ በአራተኛው ቀን ታናሽ ወንድሟ መኪና ያደርገዋል። (እዚህ ላይ ላፕቶፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ ማለት ይቻላል።)

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቃል የተጻፈው ለልጅቷ አይደለም፤ ለገዢው ኅሊና ነው። ይህ ደግሞ የኛ አገር ችግር ብቻ አይመስላችሁ። ቤቢ አንስታይን የሚባሉ የሕፃናት ቪዲዮዎች ነበሩ፤ አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ወላጅ "ልጄ ሊቅ ይሆንልኛል" ብሎ ገዛቸው። ተቃውሞ በዛና ባለቤቱ ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገዢዎች ገንዘባቸውን ልመልስ አለ። መርካቶ ላይ ግን ገንዘብ መላሽ የለም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ማስታወቂያ ነው ያለው።

ሦስተኛው በሻንጣ የሚመጣው ነው። ከዋሽንግተንም ይሁን ከዱባይ፣ ሰው አገር ቤት ሲገባ ሻንጣው ውስጥ አንድ ታብሌት አይጠፋም። የላኪውን ፍቅር አንጠራጠርም፤ ስንት ሰዓት ቆሞ ሠርቶ እንደገዛው እናውቃለን። ታብሌቱንም አንረግመውም፣ እኛም ስልካችን ላይ ተጥደን የምንውል ሰዎች ነን። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ታብሌቱ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ የሚያገኘው ትልቁ ነገር ጸጥታ ነው። ልጁ አይጮህም፣ አይሮጥም፣ "ለምን?" አይልም። ጸጥታው የተገዛው ለአዋቂው ነው፣ ስሙ ግን የልጁ ስጦታ ተባለ።

አራተኛውን ለመናገር ትንሽ ደማችን ይፈላል። ለወንዱ ሽጉጥ፣ ለሴቷ የፕላስቲክ ማብሰያና ሰሃን። በስንት ቤት የስምንት ዓመት ሴት ልጅ እውነተኛውን ሰሃን እያጠበች ነው! እሷ የታዘዘችውን አጥባ ስትጨርስ የፕላስቲኩን እንድትቀጥል ስጦታ ይመጣላታል። ወንድሙ ደግሞ ሽጉጡን ይዞ ሳሎን ውስጥ ይተኩሳል። እዚህ አገር የጎደለን ተኳሽ ነው እንዴ?

"እሺ፣ ምን እንግዛ?" ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። ልጁ እናንተን ሊያሸንፍበት የሚችል ነገር ግዙ።

ገበጣን ውሰዱ። ሪቻርድ ፓንክኸረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በዚህ ቀጣና ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች አንድ በአንድ ሲዘረዝር ብዛታቸው ያስደንቃል። በአንዱ አጨዋወት 12 ጉድጓድ አለ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48። ልጅቷ ከአንዱ ጉድጓድ አንስታ እየዘራች ስትሄድ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ ቀድማ በልቧ ካላሰላች ትበላለች። መደመር፣ መቀነስ፣ አስቀድሞ ማሰብ፣ መሸነፍን መቻል፤ ይሄ ሁሉ ያለ ባትሪ። "ሰባት ሲደመር ስምንት?" ብላችሁ ስትጠይቋት ጣሪያ የምታይ ልጅ ጠጠሯ ሲነካ ከእናንተ ቀድማ ትቆጥራለች። ሰሌዳው ካጣችሁ መሬት መቆፈር ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላላችሁ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይበቃል።

ዳማ በቆርኪ ይሠራል። ቼዝ ያለው ሰው ደግሞ የኛን የሰንጠረዥ አጀማመር ይሞክራት፦ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደፈለጉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ምን ያህል እንደሚስቅ ብታዩ! ካርታም አለ። "ቁማር ታስተምራላችሁ" ብትሉን ቅር አይለንም፤ ኮንከር ያስተማረንን ያህል ትዕግሥት የትኛውም የሥነ ምግባር መምህር አላስተማረንም።

ከሩቅ ከመጣም የሚገጣጠመው ነገር ይምጣ። ሌጎ የሚለው ስም ራሱ በዴንማርክኛ "ደህና አድርገህ ተጫወት" ከሚል ሐረግ የወጣ ነው፤ ባለ ስምንት ነጥቧን ጡብ ስድስቷን ይዛችሁ ብትገጣጥሙ ከ915 ሚሊዮን በላይ ቅርፅ ይወጣል። ከላፕቶፑ ስንት ወጣ? ሃያ ስድስት። ዋናው ሌጎ እንደ ወርቅ ውድ ነው፣ እሺ፤ መርካቶ ያለው አምሳያውም ለግንብና ለድልድይ አያንስም። ካልሆነም አጉሊ መነጽር፤ ጉንዳን አጠገቡ ይዞ የተቀመጠ ልጅ እራት ተጠርቶ አይሰማም። ጥሩ ቀለምና ብዙ ነጭ ወረቀት። የሚፈታ አሮጌ ሬዲዮና አንድ እውነተኛ ካቻቪቴ (መሰኪያው ተቆርጦ፣ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ)። እንቁጣጣሽ ላይ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ስለው በየቤቱ የሚያዞሩት ነገር፣ ዛሬ ዛሬ በታተመ ሥዕል ቢተካም፣ ልጅ ሰጪም ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ባህል ነበር።

መጽሐፍስ? መጽሐፍ እንዴታ! ግን መልመጃ አይደለም፤ ተረት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት ልጆቹ የጎረፉት ፈተና ስላለባቸው አልነበረም። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ያደገው ትውልድ ተረቱን እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ማንም ስላልፈተነው ይሆናል። መጽሐፉን ስትሰጡ "አንብብና ጭብጡን ንገረኝ" አትበሉት፣ በእግዜር። አብራችሁት አንብቡ፤ ጅቡ ሲመጣ ድምፃችሁን ቀይሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። "ድሮ ቀረ፣ እኛ በካልሲ ኳስ ተጫውተን አደግን" የሚል ዘፈን አንዘፍንም። በካልሲ ኳስ የተጫወተው ሰው እውነተኛ ኳስ ስላልነበረው ነው፤ ቢያገኝ ካልሲውን እግሩ ላይ ያደርገው ነበር። ችግራችን ዕቃው አዲስ መሆኑ ወይም ፕላስቲክ መሆኑ አይደለም። ችግራችን ልጁን ብቻውን አስቀምጦ የሚፈትነው ዕቃ "ስጦታ"፣ ከሰው ጋር አስቀምጦ የሚያስቀው ነገር ደግሞ "ጊዜ ማባከን" መባሉ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። በደረጃው ልክ የሚል ቃል አላየንበትም።

አሁን ደግሞ ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንውረድ። ኳስ ገዝታችሁ ብትሰጡ የት ይመታ? ብሎኮቹ መካከል የነበረው ባዶ ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ "ኳስ መጫወት ክልክል ነው" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ አስፋልት ዳር የሳይክል መንገድና መጫወቻ ቦታ እየተሠራ ነው፣ ደስ ይላል፤ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን እዚያ ድረስ አይሄድም፣ የሚወስደው አባት ደግሞ ሥራ ላይ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት መኪና ለሁለት ሰዓት ወደ ውጭ ለማስወጣት ከንቲባውን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ይህንን በሚቀጥለው ስብሰባ የሚያነሳ አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገው፣ ከውኃ ሞተሩ መዋጮ አጀንዳ ቀጥሎ።

እስከዚያው አንደኛ የወጣው ልጅ ሳይክል አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ከልብስ መስጫው ሥር ቆሟል። ሊፍት የለም። ጎማው ላይ ያለው ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም።