የደጋው ምድር ከሥሩ ምን አለ?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መግቢያ ላይ በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ሲዘልቅ፣ እዚህ ሚኒሶታ ያለው ወገን ስልኩን ይዞ አደረ። ለመሆኑ መነሻው ምንድን ነው?

የሰሜኑ ደጋ አብዛኛው አለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ ነው። እየተደራረበ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ከደጋው ሥር የምድር ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው፣ ደናክል ላይ ግን ወደ 16 ይሳሳል። ስምጥ ሸለቆው በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ አንዳንዴም በአንድ ጊዜ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ተላቋል። ደጋው ዳርም ቢሆን አይተኛም፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች።

ሚኒሶታም ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት በፊት እንዲሁ መሰንጠቅ ጀምራ ነበር። በሴንት ክሮይ ወንዝ ዳር፣ ቴይለርስ ፎልስ ላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ የዚያ ምስክር ነው። የዚህኛው ስንጥቅ መንገድ ላይ ቀረ፤ የአገር ቤቱ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ የመሬት መንቀጥቀጥን ያስባል። እንግዲህ በላቡ ያገኘውን ዶላር ልኮ አዲስ አበባ ቤት የሚያሠራ ሁሉ፣ ስለ ሴራሚኩና ስለ ቀለሙ ከመጠየቁ በፊት ስለ ብረቱና ስለ ኮንክሪቱ መሐንዲሱን ይጠይቅ።