ፊቱን ብቻ ሳይሆን ገበያውንም አሳዩን

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አስፋልት የተሁለደሬዋን ሐይቅንና የአምባሰሏን ውጫሌን ያገናኛል። በእነዚህ ከተሞች ዛሬ ጋዜጠኛ ለመሆን ካሜራ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም፤ ሞባይል ይበቃል። ይህ መልካም ነው። ጥያቄው ሞባይሉ ወዴት ዞረ የሚለው ነው።

እንደሚታየው ከሆነ የዞረው ወደ ፊት ነው። ቤት ኪራይ መክፈል ያቃታት እናት ታለቅሳለች፤ ልጆቿ ከጎኗ ተደርድረዋል፤ ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነበባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መለገስ ቀልሏል። ስንቱ ኪራይ ተከፍሏል፣ ስንቱ በሽተኛ ታክሟል! በዚህ የሚያሾፍ ሰው ካለ አንድ ቀን ጦም ይደር። ነገር ግን ያቺ እናት ዓምና በቀን ሥራዋ ምን ያህል እህል ትሸምት ነበር? ዘንድሮስ? ይህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አይታይም።

የከተማ ድህነት ከገጠሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ጥቂትም ቢሆን ከማሳው ያገኛል። ሐይቅ ውስጥ ድንጋይ የሚሸከመው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ አዙሮ የሚቸረችረው ግን ጤፉንም፣ ከሰሉንም፣ ማደሪያውንም ይገዛል። ድህነት ወደ ቤቱ የሚገባው በሁለት ቁጥሮች መካከል ነው፤ በሚያገኘውና በሚከፍለው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። የቀን ሠራተኛ 300 ብር ሲያገኝ ጤፍ በኪሎ 100 ብር ቢሆን፣ የቀን ድካሙ 3 ኪሎ ነው። ደመወዙ ወደ 400 ብር ቢያድግና ጤፉ 160 ብር ቢገባ 2 ኪሎ ተኩል ብቻ ይሸምታል። በብር ሲታይ ሰውየው አድጓል፤ በጤፍ ሲታይ ደህይቷል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወሎ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝቶታል። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ከኮረም የወጣው ደግሞ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ዘገባዎች ብዙ ነፍስ አትርፈዋል። ሁለቱም ግን የመጡት ሰው መርገፍ ከጀመረ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ1966ቱን እልቂት መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋለው ነገር ለገበያ ሰው አስደንጋጭ ነው። በደሴ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ሰማይ አልነካም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። የጠፋው የሰው የመግዣ አቅም ነው። ከተጎዱት መካከል የከተማ ቀን ሠራተኞች፣ ሸማኔዎችና በአገልግሎት ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ይገኙ ነበር። የዋጋ ሰሌዳ ብቻውን ይህን አይነግርም። ዋጋና ደመወዝ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ካሜራው ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ ይናገራሉ።

ታዲያ ሞባይሉ ይህን ቢሠራ ምን ይከብደዋል? በየገበያው ቀን ከሐይቅና ከውጫሌ አምስት ቁጥሮች ይላኩ፤ የጤፍ፣ የማሽላ፣ የአንድ ማዳበሪያ ከሰል፣ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይና የቀን ሠራተኛ ደመወዝ። በቴሌግራም ይለጠፉ፤ ባለፈው ሳምንትና ባለፈው ዓመት ከነበረው ይነጻጸሩ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው የዋጋ ግሽበት አሃዝ በአገርና በክልል ደረጃ ስለሆነ የአንዲት ትንሽ ከተማ ጭንቅ በውስጡ ይሰወራል። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ዋጋን በሰሌዳና በስልክ ማሳወቅ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ዋና ሥራው ግን ቡናና ሰሊጥን በመሳሰሉ የወጪ ምርቶች ላይ ሆኖ ቀረ።

ችግር የለውም አይባልም። ደላላ ዋጋ ለማስወደድ ወሬ ሊያቀብል ይችላል፤ ስለዚህ ጋዜጠኛው ከሦስት ነጋዴና ከሦስት ሸማች ሳይጠይቅ አይጻፍ። ኢንተርኔትም የማይታመን ወዳጅ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ በአጭር መልእክትና በሬዲዮ መሥራት ይቻላል። አምስት ቁጥር ብዙ ቦታ አይፈልግም።

ቁጥር እንጀራ አይሆንም የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ግን እንጀራው ወዴት እንደሚላክ የሚወስኑት ቁጥር የያዙ ሰዎች ናቸው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2008 ዓ.ም. የጸደቀው የመጀመሪያው የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀምር ከአማራ ክልል ደሴ ገባች፤ ሐይቅና ውጫሌ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ትንሽ ከተማ ተከራክራ ለማስረዳት በእጇ መረጃ ያሻታል።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ በእናቱ ጎን ቆሞ የተቀረጸው ሕፃን ነገ ያድጋል፤ ሥራ ይፈልጋል፤ ትዳር ይይዛል። ምስሉ ግን ከዩቲዩብ ላይ አይወርድም። የእናቱ ኪራይ ለሁለት ወር ተከፈለ፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ «ያ የለመኑለት ልጅ» ሆኖ ሊኖር ነው። የጤፍ ዋጋ ቢለጠፍ የሚያፍርበት ልጅ የለም፤ የሚያፍር ካለ ሹመኛው ይሁን።

ስለዚህ የሐይቅና የአምባሰል ወጣት ጋዜጠኞች ሆይ፣ ለተቸገረው መጮኻችሁን አትተዉ። ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሞባይላችሁን ከሰው ፊት ላይ አንሱና አንድ ጊዜ ወደ ሚዛኑ አዙሩት።